ኤሲሲኤ ኤፍአር፦ በሳምንት 12 ሰዓት ይዞ እንዴት መዘጋጀት ይቻላል? ኮንሶሊዴሽኑስ?

ሰላም_ከሐዋሳ፦

ሰላም ለሁላችሁ። በአካውንቲንግ ዲግሪ ስላለኝ የመጀመሪያዎቹ ሦስት የኤሲሲኤ (የእንግሊዝ የሒሳብ ባለሙያዎች ማኅበር) ፈተናዎች በኤግዘምፕሽን (ሳልፈተን) ታልፈውልኛል። አሁን ለሰኔው ዙር ኤፍአር (ፋይናንሻል ሪፖርቲንግ) ልመዘገብ ነው። ሙሉ ቀን ሥራ ላይ ስለምውል ለጥናት የማገኘው በሳምንት 12 ሰዓት ያህል ነው። ሦስት ነገር እንድታግዙኝ እፈልጋለሁ። አንደኛ፣ ሦስት ወሩን እንዴት ላከፋፍለው? ሁለተኛ፣ ኮንሶሊዴሽን (የእናትና የልጅ ኩባንያን ሒሳብ ማዋሃድ) ላይ ጉድዊሉም (ከኔት አሴት በላይ የተከፈለው)፣ ኤንሲአዩም (የቀሪዎቹ ባለአክሲዮኖች ድርሻ) ለየብቻ ሲሆኑ ይሠራሉ፤ ሁሉም በአንድ ጥያቄ ሲመጡ ግን የግሩፑ ሪቴይንድ ኧርኒንግ (የተጠራቀመ ትርፍ) ከመልሱ ጋር አይገጥምም። ብዙ ሰው የሚስተው የቱ ላይ ነው? ሦስተኛ፣ በኢንተርፕሪቴሽን (የሒሳብ መግለጫ ትንተና) ጥያቄ ሬሾው ከተሠራ በኋላ የሚጻፈው ምንድን ነው? ከወዲሁ አመሰግናለሁ።

ሰኔ_30፦

እህቴ፣ ከቀኑ ልጀምር። «ጁን» ስለተባለ በእኛ ሰኔ ላይ እንዳይመስልሽ። ፈተናው ብዙውን ጊዜ በወሩ የመጀመሪያ ሳምንት ስለሚሰጥ በእኛ አቆጣጠር ግንቦት 24 አካባቢ ላይ ይወድቃል። የማርቹ ዙር የካቲት መጨረሻ፣ የሴፕቴምበሩ ነሐሴ መጨረሻ፣ የዲሴምበሩ ኅዳር መጨረሻ ነው። የጥናት ዕቅድሽን በአበሻ ካሌንደር ላይ ስትጽፊ አንድ ሙሉ ወር ተሳስተሽ እንዳትቆጥሪ። ሰዓቱም እንደዚያው ነው፤ ወረቀቱ ላይ 14:00 ካለ ቀን 8 ሰዓት ማለት ነው።

ይህን ዙር መምረጥሽ ጥሩ ነው። የሴፕቴምበሩ ዝግጅት በጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ተዘግቶ ሒሳብ ከሚዘጋበትና ኦዲተር ከሚገባበት ጊዜ ጋር ይጋጫል፤ መሥሪያ ቤት ውስጥ ያለ የሒሳብ ባለሙያ በዚያ ወቅት 12 ሰዓት ቀርቶ 5 ሰዓትም አያገኝም። ምዝገባውን ደግሞ ቀድመሽ ጨርሺ። ክፍያው ቀደም ብሎ ለሚመዘገብ ይቀንሳል፣ በመጨረሻው ቀን ለሚመዘገብ ይወደዳል። የሚከፈለውም በፓውንድ ስለሆነ የውጭ ምንዛሪው ጉዳይ ጊዜ ሊወስድብሽ ይችላል።

የፈተናው አወቃቀር ይህን ይመስላል። ሦስት ሰዓት፣ 100 ነጥብ፣ ማለፊያው 50። ሴክሽን ኤ 15 አጫጭር ጥያቄዎች ናቸው፤ ለእያንዳንዱ 2 ነጥብ። ሴክሽን ቢ ሦስት ሁኔታዎችን ሰጥቶ በእያንዳንዱ ላይ አምስት አምስት ጥያቄ ይጠይቃል፤ እነዚህም ባለ 2 ነጥብ ናቸው። ሴክሽን ሲ ሁለት ባለ 20 ነጥብ ጥያቄ ነው፤ ዋናው ትኩረቱ የሒሳብ መግለጫ ማዘጋጀትና የሒሳብ መግለጫ መተንተን ሲሆን ነጠላ ኩባንያም ግሩፕም ሊሆን ይችላል። 180 ደቂቃ ለ100 ነጥብ ሲካፈል ለአንድ ነጥብ 1.8 ደቂቃ ይደርሳል። ስለዚህ ለሴክሽን ኤ 54፣ ለቢ 54፣ ለእያንዳንዱ የሲ ጥያቄ 36 ደቂቃ አለሽ ማለት ነው። ለተሳሳተ መልስ ነጥብ አይቀነስም፤ ባዶ የሚተው ጥያቄ መኖር የለበትም።

12 ሳምንት በ12 ሰዓት 144 ሰዓት ይሆናል፤ በአግባቡ ከተሠራበት ይበቃል። የመጀመሪያውን ሳምንት ለኤፍኤ (ፋይናንሻል አካውንቲንግ፣ ከኤፍአር በፊት ያለው ፈተና) ስጪው። ኤግዘምፕሽን ያገኘ ሰው የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው፤ ኤፍአር ቀላሉን ኮንሶሊዴሽንና የሒሳብ መግለጫ አዘገጃጀቱን ከኤፍኤ እንደምታውቂው ቆጥሮ ነው የሚነሳው። ከዚያ ስድስት ሳምንት ለስታንዳርዶቹና ለኮንሶሊዴሽን ይሁን። አንድ ስታንዳርድ አንብበሽ በዚያው ቀን ቢያንስ 10 ጥያቄ ካልሠራሽበት እንዳነበብሽው አትቁጠሪው። የቀሩት አምስት ሳምንታት በሰዓት የሚሠሩ የፈተና ጥያቄዎች ብቻ ይሁኑ። ንባቡ ዐሥር ሳምንት በልቶ ለጥያቄ ሁለት ሳምንት የቀረለት ተማሪ ስታንዳርዱን እያወቀ 40ዎቹ ውስጥ ይቀራል።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ለአገራችን ተማሪዎች ወሳኝ ስለሆነ ነው። አዋጅ ቁጥር 847/2006 አይኤፍአርኤስን (ዓለም አቀፉን የሒሳብ ሪፖርት ስታንዳርድ) በሕግ ካስገባ በኋላም ብዙዎቻችን በዩኒቨርሲቲ የተማርነው በአሜሪካ መጻሕፍት ነው። በዚያ የለመድሽው በዚህ ስህተት የሚሆንባቸው ቦታዎች አሉ። ሊፎ (መጨረሻ የገባው ዕቃ መጀመሪያ ወጣ ብሎ መቁጠር) በአይኤኤስ 2 (የዕቃ ክምችት ስታንዳርድ) አይፈቀድም። ሕንፃና መሬትን በሪቫሉዌሽን (ዋጋን እንደገና በመገመት) ማሳደግ በአይኤኤስ 16 ይፈቀዳል። የዴቨሎፕመንት ወጪ የአይኤኤስ 38 መስፈርቶችን ካሟላ ወጪ ተደርጎ አይያዝም፣ ንብረት ይሆናል። ኢምፔርመንት (የንብረት ዋጋ መውረድ) ከጉድዊል በስተቀር ሊመለስ ይችላል። ሴክሽን ኤ እነዚህን ነጥቦች ደጋግሞ ይጠይቃል።

ኤንሲአይ_ፈላጊ፦

ኮንሶሊዴሽኑን በቁጥር ብናየው ይሻላል፤ እርሳስ ይዘሽ አብረሽ ሥሪው።

ፒ የተባለ ኩባንያ የሌላ ኩባንያ፣ የኤስን፣ 80 በመቶ በዓመቱ የመጀመሪያ ቀን ገዛ። በጥሬ ገንዘብ 480,000 ዶላር ከፈለ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ 121,000 ይከፍላል፤ የዲስካውንቱ መጠን (የወደፊቱን ክፍያ ወደ ዛሬ ዋጋ የምንመልስበት ወለድ) 10 በመቶ ነው። በግዢው ቀን የኤስ ካፒታል 200,000፣ ሪቴይንድ ኧርኒንጉ 250,000 ነበር። የሕንፃው ፌር ቫልዩ (የገበያ ዋጋው) ከመዝገብ ዋጋው በ50,000 ይበልጣል፤ ቀሪ ዕድሜው 10 ዓመት ነው። የኤንሲአይ ፌር ቫልዩ 130,000 ነው። በዓመቱ መጨረሻ የኤስ ሪቴይንድ ኧርኒንግ 310,000፣ የፒ 600,000 ሆነ። በዓመቱ ውስጥ ኤስ በወጪው ላይ 25 በመቶ ጨምሮ 60,000 ዶላር የሚያወጣ ዕቃ ለፒ ሸጧል፤ የዕቃው ግማሽ እስካሁን ፒ መጋዘን ውስጥ አለ።

በመጀመሪያ የኤስን ኔት አሴት (ንብረት ዕዳ ተቀንሶ) በሁለት ዓምድ አስቀምጪ፦ የግዢ ቀንና የዓመት መጨረሻ። በግዢው ቀን 200,000 ሲደመር 250,000 ሲደመር 50,000፣ 500,000 ይሆናል። በዓመቱ መጨረሻ ካፒታሉ 200,000፣ ሪቴይንድ ኧርኒንጉ 310,000፣ የሕንፃው ጭማሪ ከአንድ ዓመት ዲፕሪሲዬሽን በኋላ 45,000 ነው። ከዚህ ላይ ያልተጨበጠው ትርፍ (ከግሩፑ ውጭ ገና ባልተሸጠው ዕቃ ላይ ያለው) ይቀነሳል፤ ግማሹ ዕቃ 30,000፣ በ25/125 ሲባዛ 6,000። ድምሩ 549,000። የሁለቱ ዓምድ ልዩነት 49,000 ከግዢ በኋላ የመጣ ትርፍ ነው።

ጉድዊል፦ 480,000፣ በዛሬ ዋጋ 100,000 (121,000 ለ1.21 ተካፍሎ)፣ ኤንሲአይ 130,000፤ ድምር 710,000። 500,000 ሲቀነስ 210,000።

ኤንሲአይ፦ 130,000 ሲደመር የ49,000 20 በመቶ፣ ማለትም 9,800፤ 139,800።

የግሩፑ ሪቴይንድ ኧርኒንግ፦ 600,000 ሲደመር የ49,000 80 በመቶ፣ ማለትም 39,200፣ ሲቀነስ የዘገየው ክፍያ የዓመቱ ወለድ 10,000፤ 629,200። ዕዳው በመግለጫው ላይ 110,000 ሆኖ ይቀመጣል።

አሁን ሰው የሚስትበትን ልንገርሽ። ከሁሉ በላይ የሚረሳው 10,000ው ወለድ ነው፤ 121,000ን ለጉድዊል ዲስካውንት አድርጎ ከዚያ በኋላ ዕዳው እንደሚያድግ አያስታውስም። ቀጥሎ ሻጩ ማን እንደሆነ አለማየት ነው። እዚህ የሸጠው ኤስ ስለሆነ 6,000ው ከኤስ ትርፍ ይወጣል፤ ኤንሲአዩም ድርሻውን ይሸከማል። ሻጩ ፒ ቢሆን ግን 6,000ው በሙሉ ከፒ ሪቴይንድ ኧርኒንግ ይቀነስ ነበር፣ ኤንሲአይን አይነካም። ሦስተኛው ማርክአፕና ማርጂን ነው። «በወጪው ላይ 25 በመቶ» ሲል 25/125 ነው፤ «የሽያጩ 25 በመቶ ትርፍ» ቢል 25/100 ሆኖ 7,500 ይመጣል። ቃሉን ሁለቴ አንብቢው።

ግዢው በዓመቱ መካከል ሲሆን ደግሞ ሌላ ነገር ይመጣል። ኤስ የተገዛው ኤፕሪል 1 ቢሆንና ዓመቱ ዲሴምበር 31 ቢዘጋ፣ በትርፍና ኪሳራ መግለጫው የኤስ ገቢና ወጪ 9/12 ብቻ ይገባል፤ የሕንፃው ጭማሪ ዲፕሪሲዬሽንም 9/12 ነው። በባላንስ ሺቱ ላይ ግን ንብረትና ዕዳ ምንጊዜም በሙሉ ነው የሚደመረው፤ በ9/12ም በ80 በመቶም አይባዛም። የርስ በርስ ሽያጩ 60,000 ከገቢውም ከሽያጭ ወጪውም ይሰረዛል፤ 6,000ው ለብቻው የሽያጭ ወጪ ላይ ይጨመራል።

ሰላም_ከሐዋሳ፦

ኤንሲአይ_ፈላጊ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሁለቱን ዓምድ ሠርቼ 629,200 መጣልኝ። ጥያቄው ኤንሲአይ በፌር ቫልዩ ሳይሆን በኔት አሴት ድርሻ ይለካ ቢልስ? ጉድዊል ኢምፔርመንት ሲኖርስ ማን ይሸከማል?

ኤንሲአይ_ፈላጊ፦

በድርሻ ከሆነ ኤንሲአይ በግዢው ቀን የ500,000 20 በመቶ፣ ማለትም 100,000 ነው። ጉድዊሉ ወደ 180,000 ይወርዳል፤ ይህ የፒ ድርሻ ጉድዊል ብቻ ነው። ስለዚህ ኢምፔርመንት 20,000 ቢኖር ሙሉው ከግሩፑ ሪቴይንድ ኧርኒንግ ይቀነሳል። በፌር ቫልዩ ሲሆን ግን 16,000ው ከግሩፑ፣ 4,000ው ከኤንሲአይ ነው፤ 629,200ው 613,200 ይሆናል፣ 139,800ው 135,800። ጥያቄው የቱን እንደሚጠቀም ሁልጊዜ ይናገራል፤ ያንን ዓረፍተ ነገር አስምሪበት።

ሬሾ_ተንታኝ፦

ሦስተኛው ጥያቄሽ ሳይመለስ ቀረ፣ እኔ ልሞክር። በትንተናው ጥያቄ ሬሾ ማስላቱ ከ20ው ነጥብ ትንሹ ነው፤ አብዛኛው ነጥብ የሚሰጠው ለማብራሪያው ነው። «አርኦሲኢ (ትርፍ ከተሰማራው ካፒታል አንጻር) ከ18 በመቶ ወደ 12 በመቶ ቀንሷል፤ ይህ መጥፎ ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር ነጥብ አያስገኝም፤ መቀነሱን አራሚው ከቁጥሩ ያየዋል። የሚፈልገው ለምን እንደቀነሰ ነው፤ ምክንያቱም ጥያቄው ውስጥ በተራ ዓረፍተ ነገር ተደብቆ ይገኛል።

ለምሳሌ ማስታወሻው «ኩባንያው በዓመቱ ሕንፃዎቹን ሪቫሉ አድርጓል» ቢል፣ አርኦሲኢ የወረደው ኦፕሬሽኑ ስለደከመ ላይሆን ይችላል። ሪቫሉዌሽን ሰርፕለሱ ካፒታሉን አሳድጎታል፤ ዲፕሪሲዬሽኑም ስለጨመረ ትርፉን ቀንሶታል። ካለፈው ዓመት ጋር ለማወዳደር ሰርፕለሱን አውጥተሽ እንደገና ማስላት እንደሚያስፈልግ ጻፊ፤ ቁጥሩ ከተሰጠም አስይው። «ሰብሲዲያሪ የተገዛው ዓመቱ ሊዘጋ ሁለት ወር ሲቀረው ነው» ከተባለ ደግሞ ንብረቱ በሙሉ ባላንስ ሺቱ ላይ አለ፣ ትርፉ ግን የሁለት ወር ብቻ ነው፤ አርኦሲኢም አሴት ተርንኦቨርም (ሽያጭ ከንብረት አንጻር) በሰው ሠራሽ መንገድ ይወርዳሉ። የሪሲቫብልና የኢንቬንተሪ ቀናትም (ዱቤ የሚሰበሰብበትና ዕቃ መጋዘን የሚቆይበት) በዚሁ ምክንያት የረዘሙ ይመስላሉ።

ሬሾዎችን እርስ በርስ ማያያዝም ነጥብ አለው። ለአቅራቢዎች የሚከፈልበት ቀን ከ40 ወደ 75 ሄዶ ጥሬ ገንዘቡ ወደ ኦቨርድራፍት ከገባ፣ ሁለቱን በአንድ አንቀጽ አገናኚና አቅራቢዎች ዱቤ ሊያቆሙ እንደሚችሉ ተናገሪ። ርዕሶቹን አጫጭር አድርጊ፦ ትርፋማነት፣ የገንዘብ አቅም፣ የዕዳ ጫና። በእያንዳንዱ ሥር ሦስት አራት የተብራራ ነጥብ ይበቃል። በመጨረሻ ጥያቄው የጠየቀውን መደምደሚያ ስጪ፤ ባንክ ሊያበድር ነው? ባለሀብት ሊገዛ ነው? መደምደሚያ ሳይጽፉ ሰዓት የሚያልቅባቸው ብዙዎች ናቸው፤ ለሬሾው ብቻ 20 ደቂቃ ስለሚያጠፉ።

ሰኔ_30፦

ሬሾ_ተንታኝ ያለው ሁሉ ትክክል ነው። ስለ ኮምፒውተሩ ልጨምር፤ ፈተናው የሚሠራው በወረቀት አይደለምና። ሴክሽን ሲ ላይ ስሌቶችሽን የምትሠሪው በስፕሬድሺት ነው። በካልኩሌተር ሠርተሽ 39,200 ብለሽ ብቻ ካስገባሽና ከተሳሳተ አራሚው ከየት እንደመጣ ስለማያይ ዜሮ ይሰጥሻል። ሴሉ ውስጥ የእኩል ምልክት አስቀድመሽ ስሌቱን ራሱን ጻፊ፤ አራሚው ሴሉን ሲነካ ያየዋል። አንድ ቁጥር ቀድሞ ተሳስቶ ከሆነም ከዚያ በኋላ ያለው አካሄድ ትክክል እስከሆነ ድረስ ነጥቡን ታገኛለሽ፤ ግን ይህ የሚሠራው አካሄድሽ ሲታይ ብቻ ነው። ባላንስ ሺቱ ካልገጠመ ልዩነቱን ፍለጋ አትዙሪ፤ 36ኛው ደቂቃ ላይ እለፊ። ለመግጠሙ የሚሰጥ የተለየ ነጥብ የለም።

የኤሲሲኤ የልምምድ መድረክ በድረ ገጹ ላይ በነፃ አለ፤ ስክሪኑ ከፈተናው ጋር አንድ ዓይነት ነው። ከመጨረሻዎቹ አምስት ሳምንታት በኋለኞቹ ሦስቱ ጥያቄ በወረቀት አትሥሪ።

ኤንሲአይ_ፈላጊ፦

በቅደም ተከተሉ ላይ ሐሳብ ልስጥ። ብዙ አስተማሪዎች ከሴክሽን ሲ ጀምሩ ይላሉ፣ አእምሮ ትኩስ ሳለ። በእኔ እይታ ግን ከኤ መጀመሩ ይሻላል፣ በአንድ ቅድመ ሁኔታ፦ 54 ደቂቃው ሲሞላ ያልተመለሰውን ገምቶ፣ ምልክት አድርጎ ማለፍ። ከሲ የሚጀምር ሰው ኮንሶሊዴሽኑ ላይ 50 ደቂቃ ይጠፋበትና 60 ነጥብ ያለባቸውን አጫጭር ጥያቄዎች በጥድፊያ ይሠራል። ሁለቱንም በሙከራ ፈተና ሞክሪና በተሻለ ነጥብ ያመጣሽበትን ያዢ፤ በፈተናው ቀን ግን አትቀይሪው።

ሰላም_ከሐዋሳ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ቅዳሜ ከኤፍኤ ኮንሶሊዴሽን እጀምራለሁ። ስለ አይኤፍአርኤስ 16 ሊዝና ስለ አይኤኤስ 33 (ለአንድ አክሲዮን የሚደርስ ትርፍ) የምጠይቀው ስላለኝ ለየብቻ እከፍታለሁ።