የባለቤቴ ምንዝላት ሞርሞን ነበሩ፤ የሦስቱን ሚስቶች ልጆች እንዴት ልለይ?

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ሶልት ሌክ ሲቲ ነው። የባለቤቴ ምንዝላት በ1850ዎቹ (ዘመኑ ሁሉ እንደ ፈረንጆች ነው) ከእንግሊዝ ወደ ዩታ የመጡ ሞርሞን (የኋለኛው ዘመን ቅዱሳን ቤተ ክርስቲያን አባል) ነበሩ፤ ሦስት ሚስቶች እንደነበሯቸው ቤተሰቡ ያውቃል። ለልጆቼ የአባታቸውን ዘር ልቁጠርላቸው ብዬ ብነሳ፣ በ1880 የሕዝብ ቆጠራ ሰውየው ከአንዲት ሚስት ጋር ብቻ ተጽፈዋል። ሁለቱ የት ገቡ? የባለቤቴ ቅድመ አያትስ የማንኛዋ ልጅ ናቸው?

አባል ከኦግደን፦ እህቴ፣ ሰውየውን ለጊዜው ተዪአቸውና ሴቶቹን ፈልጊ። ያንን የቆጠራ ገጽ ከላይ እስከ ታች፣ ቀጥሎም ያሉትን ገጾች አንብቢ። የእርሳቸውን የቤተሰብ ስም ይዛ፣ ባል ሳይጻፍላት ከልጆቿ ጋር የምትኖር ጎረቤት ካገኘሽ ጣውንት ልትሆን ትችላለች። ባሏ በሕይወት እያለ «ባል የሞተባት» ተብላ የተመዘገበችም አለች። የ1890ው ቆጠራ አብዛኛው ክፍል በ1921 ቃጠሎ ስለጠፋ ወደ 1900 ተሻገሪ፤ በዚያኛው እያንዳንዷ እናት ስንት እንደወለደችና ስንቱ በሕይወት እንዳሉ ተጠይቃለች። ቁጥሩን ካገኘሻቸው ልጆች ጋር አመሳክሪው።

አንድ አዛውንት አባል፦ ልጄ፣ የተደበቁት ወደው አይደለም። የሞርሞን ቤተ ክርስቲያን ከአንድ በላይ ማግባትን በ1852 በይፋ አወጀች፤ የአሜሪካ ኮንግረስ በ1862 ከለከለ። የ1882ቱ የኤድመንድስ ሕግ ሲመጣ ደግሞ ጋብቻውን ማስረዳት እንኳ አላስፈለገም፤ ከአንድ በላይ ከሆኑ ሴቶች ጋር እንደ ባል መኖር ብቻውን እስከ 6 ወር እስራትና እስከ 300 ዶላር መቀጮ ያስከትል ነበር። አባቶች ተሸሸጉ፤ ሚስቶች በሌላ ስም ከመንደር መንደር ተዘዋወሩ፤ ወደ ሜክሲኮና ካናዳ የተሰደዱም ብዙ ናቸው። በ1890 የቤተ ክርስቲያኒቱ ፕሬዚዳንት ዊልፎርድ ዉድረፍ በሚስት ላይ ሚስት ማግባት እንዲቆም ቢያውጁም የቆየው ትዳር በአንድ ጀምበር አልፈረሰም። ምንዝላታችሁ ተከስሰው ከሆነ የዩታ ግዛት ፍርድ ቤቶችን መዝገብ በዴንቨር ባለው የብሔራዊ መዛግብት ቅርንጫፍ ጠይቂ። ሚስቶችና ልጆች ለምስክርነት ይጠሩ ስለነበር ስማቸው እዚያ ሊኖር ይችላል። እነዚያ ሴቶች የከፈሉት ዋጋ ቀላል አልነበረም፤ በየስማቸው ሊቆጠሩ ይገባል።

አባል ከፕሮቮ፦ በፋሚሊሰርች (የቤተ ክርስቲያኒቱ የዘር መፈለጊያ ድረ ገጽ) የዘር ሐረግ ላይ የሁሉም ሚስቶች ልጆች በመጀመሪያዋ ሚስት ሥር ተደርድረው ካየሽ አትቀበዪው። መንታ ያልሆኑ ሁለት ልጆች በአራትና አምስት ወር ልዩነት ከተወለዱ እናታቸው አንድ አይደለችም። የቤተ መቅደስ ጋብቻ መዝገብም በጥንቃቄ ይነበብ፤ በሞርሞኖች እምነት በቤተ መቅደስ የታሰረ ጋብቻ ከሞት በኋላም ይቀጥላል። ባሏ የሞተባት ሴት ለዘላለም ከሟቹ፣ ለዚህ ዓለም ብቻ ደግሞ ከሁለተኛው ባሏ ጋር የተጋባችበት ጊዜ አለ፤ ልጆቿ በሟቹ ስም ተቆጥረው ልታገኚ ትችያለሽ።

ጠያቂ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ! አንደኛዋ ከጎናቸው ባለው ቤት፣ ከአራት ልጆች ጋር ተጽፋ ተገኘች። የባለቤቴ ቅድመ አያት ግን ከአራቱ ውስጥ የሉም።

አባል ከኦግደን፦ መቼ ነው የሞቱት? ከ1905 ወዲህ እዚሁ ዩታ ከሆነ የሞት የምስክር ወረቀታቸውን በክፍለ ግዛቱ ቤተ መዛግብት ፈልጊ። የእናት ስም የሚጻፍበት መስመር አለው፤ ከዚያ ጀምሪ።