የፔንዱለም ሣጥን፦ የዕቃ ዝርዝር ለ40 ትምህርት ቤት

ጸሐፊ፦ ረቂቁ ይኸው። በአንድ ሣጥን 1.5 ሜትር ክር፣ ቱምቢ (የግንበኛ ማንጠልጠያ ክብደት) 1፣ ክሩን የሚነክሱ ጠፍጣፋ እንጨቶች 2፣ ባለ1 ሜትር ማስመሪያ፣ ስቶፕዎች። ልጆቹ በ25፣ 50፣ 75 እና 100 ሳ.ሜ. የ20 ምልልስ ጊዜ ይይዛሉ፤ ለ20 አካፍለው የፔሬዱን (የአንዱን ምልልስ ጊዜ) ካሬ ከርዝመቱ ጋር በግራፍ ያወጣሉ።

ገንዘብ ያዥ፦ ቱምቢ ለምን? ክብደት ፔሬድን አይለውጥም እያልን እያስተማርን ክብደት በውድ ልንገዛ ነው? የብሎን ዳዶ ይበቃል።

የደሴው፦ ማኅበር ነን ወይስ ጋራዥ? ለጋሽ ፊት ዳዶ ይዤ አልቀርብም።

የአዳማዋ፦ የሚያሳፍረውስ የተጣመመ ውጤት ነው። ርዝመቱ የሚለካው እስከ ክብደቱ መሀል ነው። የቱምቢ መሀል የቱ ጋ ነው? ልጁ እስከ ቋጠሮው ለክቶ 25 ይላል፤ እውነቱ 28 ነው። የ20ው ምልልስ ጊዜ 20.1 ሰከንድ መምጣት ሲገባው 21.3 ይመጣል። 1 ሜትር ላይ ግን 40.2 የነበረው 40.8 ቢሆን ማንም አያስተውለው። የዳዶ መሀል ቀዳዳው ነው፣ በዓይን ይታያል።

የጎንደሩ፦ ይሳሳት፣ ይማርበታል። የግራፉ መስመር ዜሮን ስቶ 0.12 ላይ ሲቆርጥ 3 ሳ.ሜ. እንደጎደለ ይገባዋል። ስሎፑ (የመስመሩ ተዳፋት) አይነካም፤ 4.04 ካገኘ የስበት ፍጥንጥነቱ 9.77 ይወጣለታል። ቱምቢው ይቆይ።

የአዳማዋ፦ ይህን ሁሉ በ40 ደቂቃ? እስቲ አንተ ና አስረዳቸው።

የደሴው፦ «አንተ» የምትዪው ማንን ነው? በዕድሜ አባትሽ ናቸው።

የአዳማዋ፦ ስለ ቱምቢ ነው የተናገርኩት!

ገንዘብ ያዥ፦ ዳዶ።

የደሴው፦ ቱምቢ። ለአንቱታም ዋጋ ይውጣለት እንዴ?

የጎንደሩ፦ ተዉ፣ እኔ አልተቀየምኩም።

የአዳማዋ፦ ይቅርታ ጋሼ።

የኮልፌው፦ ቅዳሜ መርካቶ ምናለሽ ተራ ወርጄ የሁለቱንም ዋጋ አመጣለሁ።

የባሕር ዳሩ፦ ዋናው ነገር ተረሳ። ክሩ ሚስማር ላይ ከታሰረ ሲወዛወዝ ይጠመጠማል፣ ርዝመቱ ያጥራል፤ ስለዚህ እንጨቶቹ አጥብቀው ይንከሱት፣ ልኬቱም ከእንጨቱ የታች ጠርዝ ይጀምር። ሲባጎ ግምዱ እየተፈታ ክብደቱን ያሽከረክራል፣ ናይለን ይለጠጣል። የጫማ ሰፊ በሰም የታሸ ክር ይሁን። ወደ ጎን ሲሳብ ከ10 ዲግሪ አይለፍ፤ 30 ላይ ፔሬዱ በ1.7 በመቶ ይረዝማል። ቆጠራውም ሲለቀቅ ሳይሆን መሀል ላይ ሲያልፍ «ዜሮ» ተብሎ ይጀመር።

ጸሐፊ፦ ተመዝግቧል። የኮልፌው፣ ዋጋው?

ጸሐፊ፦ የኮልፌው?

ሰብሳቢ፦ ሰኞም አለፈ። ለጋሾቹ አርማቸው ሣጥኑ ላይ እንዲታተም ይፈልጋሉ፤ ሥልጠናም ጨምሩ ብለዋል።

ጸሐፊ፦ ሁለተኛ ረቂቅ፦ 20 ትምህርት ቤት፤ ቱምቢም ዳዶም፤ አርማ በሁለት ቀለም፤ የ1 ቀን ሥልጠና ከነምሳው፤ ባነር 2። በጀቱ ስላልበቃ ስቶፕዎች ወጥቷል።

የአዳማዋ፦ ታዲያ ፔሬዱ በምን ሊለካ ነው?

ጸሐፊ፦ በመምህሩ ስልክ።

የደሴው፦ ባነሩ ስንት በስንት ሜትር ነው?