ሞተር ካስቀየርኩ ወዲህ ሚኒሞው አልረጋ አለ

ሰላም መካኒኮች፣ እባካችሁ አንድ ነገር በሉኝ። ኮሮላዬ ላይ 5ኤ ኢንጀክሽን ሞተር ካስገባሁ ወዲህ ሚኒሞው (ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ የሚዞርበት ፍጥነት) ያስቸግረኛል። ጠዋት በብርዱ ሰላም ነው። ሲሞቅ ግን የሞተር ዙር ቆጣሪው 1800 ይወጣል፣ 1000 ይወርዳል፣ መልሶ ይወጣል። ነዳጅ ሳልረግጥ! መብራት ላይ ሰው እሽቅድምድም የጠየቅኩት ይመስለዋል።

ካንዴላው አዲስ ነው። የሚኒሞ ቫልቩም (ለሚኒሞ የሚገባውን አየር የሚቆጣጠረው) ታጥቧል። የቫኪዩም ጎማዎቹ አየር ያስገቡ እንደሆነ ለማየት ማጠቢያ ስፕሬይ ሲነፋባቸውም ለውጥ የለም። ስሮትሉ (ወደ ሞተሩ የሚገባው አየር በር) ውስጥ ያለችውን የአየር ቀዳዳ በጣቴ ስደፍናት ግን ወዲያው ይረጋል። ትርፉ አየር የሚገባው በዚያው በሚኒሞ ቫልቩ ነው ማለት ነው።

መካኒኩ የስሮትሉን ብሎን እናስተካክል ይላል፤ እኔ አልተዋጠልኝም። ቫልቩ ነው ወይስ የውሃ ሙቀት ሴንሰሩ ኮምፒውተሩን «ገና አልሞቀም» እያለው? ሴንሰሩ ሲሞቅ 300 ኦም አካባቢ ማንበብ አለበት አይደል? የሚለካው በየትኞቹ ሽቦዎች ነው?