ለኮላጅ ዕቃ ከየት? አዲስ አበባ ላላችሁ ጥቆማ

ኮላጅ፣ ማለትም ቁርጥራጭ ወረቀትና ዕቃ ለጥፎ ሥዕል መሥራት፣ ለመጀመር ዕቃ ከየት እንደሚገኝ ለምትጠይቁ የኔ ምክር አጭር ነው። ብራችሁን ወረቀት ላይ አትጨርሱ። ኮላውና የምትለጥፉበት ሰሌዳ ላይ አውሉት።

ለወረቀት ማተሚያ ቤት ሂዱ። ከመቁረጫው ማሽን ሥር ወፍራሙም፣ ስሱም፣ ባለቀለሙም ቁርጥራጭ ይከመራል። በትሕትና ከጠየቃችሁ ብዙ ጊዜ በነፃ ይሰጧችኋል። የጽሕፈት መሣሪያ መደብር ያለው ባለቀለም ወረቀት ልሙጥ ስለሆነ ለኔ ነፍስ ያንሰዋል። ካለፈው ዓመት ካላንደር የተቆረጠ ሰማይ ይበልጥብኛል። ጋዜጣም ፊደሉ ያምራል፤ ግን ብርሃን ሲያገኘው ይቢጫል። ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ሥራ ከሆነ ገጹን ፎቶ ኮፒ አድርጋችሁ ኮፒውን ለጥፉ።

ለቆርኪ፣ ለሽቦ፣ ለአዝራር፣ ለተፈታ ሬዲዮ የሆድ ዕቃ መርካቶ ውስጥ ያለውን ምን አለሽ ተራን የሚያህል የለም። ሠዓሊው ኤልያስ ስሜም ለትልልቅ ሥራዎቹ ሽቦና የኮምፒውተር ሰሌዳ የሚሰበስበው ከመርካቶ ነው። መካኒሳ የሚገኘውን፣ ከመስከረም አሰግድ ጋር የመሠረተውንና በ2011 ዓ.ም. የተከፈተውን ዞማ ሙዚየምንም እዩት። አንድ ነገር ግን አደራ፦ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ብየዳው እርሳስ ሊኖርበት ስለሚችል ለልጆች አትስጡ። ለልጆች የሽሮ ሜዳ ልብስ ሰፊዎች የሚጥሉት የጥለት ቁራጭ ይሻላል።

አሁን ወደ ኮላው። ስቲኩ ለልጆች ይመቻል፤ ግን ቶሎ ይላቀቃል። ዩሁ ቶሎ ስለሚይዝ ወረቀቱን ለማስተካከል ፋታ አይሰጥም፤ ለቆርኪና ለአዝራር ተጠቀሙበት። የኔ ምርጫ አናጺዎች የሚሠሩበት ነጩ የእንጨት ኮላ ነው። የሕንፃ መሣሪያ መደብር ታገኙታላችሁ፤ ሲደርቅም መልኩ አይታይም። ለተራ ወረቀት ጠብታ ውሃ ጨምሩበት። ለካላንደር ግን አታቅጥኑት፤ አብለጭላጩ ገጽ ኮላ ቶሎ አይመጥም። በብሩሽ ስስ አድርጋችሁ ቀቡ። ወረቀቱን ለጥፋችሁ ባለቀ የሞባይል ካርድ ከመሃል ወደ ዳር ግፉት። ከዚያ ፌስታል አልብሳችሁ ከባድ መጽሐፍ ጫኑበትና ይደር። ወረቀት የሚኮማተረው ሲርስ ስለሚለጠጥ ነው፤ ክብደቱ ያስተካክለዋል።

ለሰሌዳ ካርቶን ይሠራል፤ ግን ይጣመማል። ከጀርባውም ወረቀት ከለጠፋችሁበት ይረጋል። ከዚህ የሚሻለው ከፈርኒቸር ቤት የሚተርፍ የኤምዲኤፍ (ከተጨመቀ የእንጨት ቃጫ የሚሠራ ጣውላ) ቁራጭ ነው። ሐዋሳና ባሕር ዳር ያላችሁ፣ እናንተ ጋ ቁርጥራጩ ከየት እንደሚገኝ ጻፉልን።