‹ሃርት ኦፍ ግላስ› በባንድ ሲሠራ ለምን ሮክ ሮክ ይላል?

የከዚራ ጊታር፦
ሰላም ለሁላችሁ። ድሬ ላይ የአሜሪካውን ባንድ የብሎንዲን ‹ሃርት ኦፍ ግላስ› እያጠናን ነው፤ ድራም፣ ቤዝ፣ ሁለት ጊታር፣ ኪቦርድ። ኪኩ (በእግር የሚመታው ትልቁ ድራም) በየምቱ ይመታል፣ ግን ይከብዳል እንጂ ዲስኮ አይሆንም። መሃል ላይ ዘፋኟ ስታርፍ ደግሞ እንበተናለን። ችግሩ የት ነው?

ችክችካ፦
አቦ መጀመሪያ ፍጥነቱን ለኩ፤ በደቂቃ 115 ምት አካባቢ ነው። መድረክ ሲሞቅ 125 ይገባና ሃይ-ሃቱ (በእግር የሚከፈትና የሚዘጋው ጥንድ ሲምባል) ይጨናነቃል። ክብደቱ ግን የሚመጣው ከስኔሩ (በዱላ የሚመታው ጥርት ያለ ድምፅ ያለው ድራም) ነው። ሮክ የለመደ ድራመር 2 እና 4 ላይ ይገርፈዋል፤ እዚህ ኪኩ አራቱንም በእኩል ጉልበት ይያዝ፣ ስኔሩ ከሱ አይብለጥ። ሃይ-ሃቱ ምቱ ላይ ዝግ፣ በሁለት ምት መካከል ትንሽ ክፍት ሆኖ ቀጣዩ ምት ላይ በእግር ይዘጋ። ክፍቱ ከረዘመ ቀጣዩን ኪክ ይውጠዋል። ቤዙም ኖታውን ያሳጥር። እጁ ችክችካ የለመደ ሰው ደግሞ ሳያውቀው ምቱን ለሦስት ይከፍላል፤ በክሊክ (ምት በሚቆጥር ማሽን) በደቂቃ 90 ምት ላይ ለአራት እየከፈለ ያጥና።

ኪቦርድ ሐረር፦
ልክ ነው፣ ግን ማሽኑን ረሳኸው። የብሎንዲ ልጆች ድሮ በ1970ዎቹ አጋማሽ ‹የዲስኮው ዘፈን› ይሉት የነበረው ነው፤ በ1978 (እ.ኤ.አ.) ከፕሮዲውሰሩ ማይክ ቻፕማን ጋር ለ‹ፓራለል ላይንስ› አልበም ሲቀዱት ሮላንድ ሲአር-78 የሪትም ማሽን ከድራመራቸው ከክሌም በርክ ድራም ጋር ገባ። ያ ቲክቲክታ ከሌለ ዘፈኑ ራቁቱን ነው። ኪቦርዳችሁ ላይ የዲስኮ ስታይል (ኪቦርዱ ራሱ የሚጫወተውን አጃቢ) መርጣችሁ ቤዙንና ኮርዱን አጥፉ፣ ሪትሙ ብቻ ይቅር፤ ለድራመሩ በጆሮ ማዳመጫ ይድረሰው። ከሩቅ ስፒከር እየሰማ ከተከተለ ይዘገያል። ጊታሩ ዲሌይ (ድምፁን አዘግይቶ የሚደግም ኤፌክት) ካለው 261 ሚሊ ሰከንድ ይሁን፣ ማለትም በ115 ፍጥነት ግማሽ ምት።

ችክችካ፦
ስታይሉ መሃል ላይ ጉድ ይሠራቸዋል! እዚያ ሐረጉ 7 ምት ነው፣ 4 እና 3፤ ኪቦርዱ ግን በ4 ብቻ ነው የሚዞረው። ጮክ ብላችሁ 1-2-3-4፣ 1-2-3 ቁጠሩ። ኪኩ አይቋረጥ፣ ስኔሩ በ2፣ በ4 እና በ6 ብቻ፤ 7ኛው ላይ ኪክ ብቻውን፣ ወዲያው ቀጣዩ 1። ድራመሩ በለመደው ኪክ-ስኔር ከቀጠለ ስኔሩ 1 ላይ ያርፋል፤ የምትበተኑት እዚያ ነው።

ኪቦርድ ሐረር፦
ይሄን አልክድም። እዚያ ስታይሉን አስቁሙት፣ ወይም አክሰንት (ጎላ ያለ ምት) የሌለው የሃይ-ሃት ምት ብቻ ራሳችሁ ኪቦርዱ ላይ ሙሉ፤ ሁሉም ምት እኩል ከሆነ 4 ይሁን 7 አያጣላም። ሌላ፣ ድሬ ውጭ ስትጫወቱ ጊታሩን መድረኩ ላይ 20 ደቂቃ አቆይታችሁ ቃኙ። በሙቀት ክሩ ይላላና ድምፁ ይወርዳል፣ ኪቦርዱ ግን ካለበት አይነቃነቅም። ከሐረር ብርድ ይዞ ለሚወርድማ ይብሳል።

የከዚራ ጊታር፦
ተባረኩ። ሁለቱም እጅ ሲያዝ ስታይሉ እንዴት ይቆማል?

ኪቦርድ ሐረር፦
በእግር። በብዙ ኪቦርዶች የሰስቴን ፔዳሉን (ድምፅ የሚያስረዝመውን የእግር መርገጫ) ሥራ ከፈንክሽን ሜኑ ወደ ስታርት/ስቶፕ መቀየር ይቻላል። በዚህ ዘፈን ሰስቴን ብዙም አያስፈልጋችሁም።