የፊት ወንበር ልቀይር ብዬ ተቸግሬያለሁ

እስቲ መላ በሉኝ። መኪናዬ የቆየች ፎርባይፎር ናት። ሞተሯም ካምቢዮዋም ደህና ነው፣ የፊት ወንበሮቿ ግን ጨርሰውኛል። ስፖንጁ ተኝቷል፤ ኮረኮንች ላይ ትንሽ ከነዳሁ ወገቤ ይያዛል። የመንገዱን ንጠት የሚያበርዱትን ባሌስትራውንም አሞርዛተሩንም አሳይቻለሁ፣ ችግሩ ከነሱ አይደለም።

የሌላ መኪና ወንበር አገኘሁ፣ የወገብ መደገፊያው የሚስተካከል፣ ሲቀመጡበት እንዴት እንደሚመች! ግን የብሎን ቀዳዳዎቹ ከወለሉ ጋር አይገጥሙም። በያጁ "ላሜራ በይጄ አስቀምጥልሃለሁ፣ ምን ያስጨንቅሃል" አለኝ። እኔ ግን ፈራሁ፣ ምክንያቱም የቀበቶው መቆለፊያ የታሰረው ወንበሩ ላይ ነው፤ ግጭት ቢመጣ እኔን የሚይዘኝ ያ ብየዳ ነው ማለት ነው። የድሮውን ስላይድ (ወንበሩ ወደፊትና ወደኋላ የሚንሸራተትበትን ሐዲድ) ከሌላ ወንበር ጋር በብሎን ያጋጠመ ሰው አለ? ከፍታውስ እንዴት ሆነላችሁ? ረጅም ነኝ፣ ወንበሩ ትንሽ ከፍ ካለ ጭንቅላቴ ጣሪያ ይነካል፣ ጉልበቴም ከመሪው ጋር ይጣላል።

ሌላው ደግሞ ኤርባግ ነው። ያገኘሁት ወንበር ጎኑ ላይ ኤርባግ አለው፣ የኔ መኪና ደግሞ ጭራሽ ኤርባግ የሚባል አታውቅም። ሶኬቱን ከምንም ሳላገናኝ ትቼ ወንበሩን ልግጠመው ወይስ ኤርባጉን በባለሙያ ላስወጣው? ውስጡ የሚፈነዳ ነገር ስላለ በራሴ እጅ መነካካት አልፈልግም።

ወይስ ይሄን ሁሉ ትቼ የራሷን ወንበር ጠንከር ባለ ስፖንጅ ላስሞላው? ባለቤቴ እሱን ነው የምትለው። ያስሞላችሁ ካላችሁ ቶሎ ተኛ ወይስ በረከተ፣ ንገሩኝ።