ፓክ መቅደድ ጨረሰኝ፣ በትንሽ ገንዘብ የፖኬሞን ካርድ እንዴት ነው ሚሰበሰበው?

ፓክ_ቀዳጅ፦
ሰላም ናችሁ። ፖኬሞን ካርድ ከጀመርኩ 8 ወር ሆኖኛል፣ ከወር ወጪዬ የተረፈችውን ይዤ ሄጄ ፓክ (ውስጡ ምን እንዳለ ማይታወቅ የታሸገ የካርድ ጥቅል) እገዛለሁ፣ ሱቁ በር ላይ ቆሜ ቀድጄ ቤት ሳልደርስ ደስታው ያልቃል። አሁን አንድ የጫማ ካርቶን ሙሉ ካርድ አለኝ ግን ጠብ የሚል ነገር የለም፣ አንዱ ካርድ ሰባት ስምንቴ ይደጋገማል፣ ልጫወት ብል ዴክ (ሚጫወቱበት የካርድ ስብስብ) አይወጣውም፣ ላሳይ ብል ሚታየው ሶስት አራት ካርድ ነው። አንድ ቦክስ ሙሉ ፓክ ልግዛ? ወይስ ሲንግል፣ ማለት የመረጥኩትን ካርድ በነጠላ? ድርብርቡንስ ምን ላርገው? ኢንቨስትመንት ነው ምናምን የምትሉ እለፉኝ፣ መሸጥ አልፈልግም።

ዴክ_ሰሪ60፦
ወንድሜ ፓኩን ተወው። አንድ ፓክ 10 ካርድ ነው፣ አብዛኛው ኮመንና አንኮመን ሚባሉት ተራ ካርዶች፣ አንተ ደግሞ ለአንድ ዴክ 60 ትፈልጋለህ፣ ከአንድ ስም እስከ 4 ይፈቀዳል ቤዚክ ኢነርጂ ሚባለው የጉልበት ካርድ ሲቀር፣ እና ዴክ ሚሰራው ዋና ካርዱ ሶስት አራቴ ሲገባበት ነው። አራቱንም ከፓክ እጠብቃለሁ ካልክ ሽበት ያወጣሃል፣ ሲንግል ግዛ።
እኔ ብሆን መጀመሪያ ፖኬሞን ቲሲጂ ላይቭን፣ የካርዱን ጨዋታ አፕ፣ በነፃ አውርጄ ያሰብኩትን ዴክ እዛ እሞክረዋለሁ፣ ፓኩ ውስጥ ያለችው የኮድ ካርድም እዛ ነው ምትሰራው። ካልጣመህ ምንም አልከሰርክም። ከጣመህ ሊግ ባትል ዴክ ሚባለውን የተዘጋጀ 60 ካርድ ገዝተህ አንድ አንድ እያልክ ታሻሽላለህ። ውድድር ምትገባ ከሆነ ካርዱ ታች በግራ በኩል ያለችውን ትንሽ ፊደል እያት፣ የፊደሏ ጊዜ ሲያልፍ ካርዱ ከስታንዳርድ (አዳዲስ ካርድ ብቻ ከሚፈቀድበት የውድድር አይነት) ይወጣል፣ ተወዳዳሪው ሁሉ ስለሚሸጠው ብዙ ጊዜ ዋጋው ይወርዳል። ቤት ውስጥ ከጓደኛ ጋር ብቻ ምትጫወት ከሆነ ያቺ ቀን ላንተ ሰርግና ምላሽ ናት።
ደግሞ ትሬነር ካርዶችን፣ ፖኬሞን ያልሆኑትን ረዳቶች፣ አትናቅ። ኔስት ቦል፣ አልትራ ቦል ምናምን ቤት ውስጥ ለምትጫወትበት ብዙ ዴክ ውስጥ ይገባሉ። ካርቶኑን ገልብጠህ እስቲ ቁጠራቸው።

ፓክ_ቀዳጅ፦
ወንድምህ ሳልሆን እህትህ ነኝ ሃሃሃ። የኮድ ካርዶቹን ማስታወቂያ መስለውኝ ሁሉንም ጥያቸዋለሁ፣ አንጀቴ ነው ያረረው አሁን።

ባይንደር_ጠባቂ፦
እህቴ፣ ዴክ ሰሪው እንደ ተጫዋች ነው የመለሰልሽ፣ እኔ ለማየት ብቻ ነው ምሰበስበው። እኔን ያዳነኝ ምን እንደማልገዛ መወሰኔ ነው።
151 ሚባለው እትም 2023 ላይ ሲወጣ ካርዱ ስር ከመስመሯ በኋላ 165 ስለሚል 165 ብቻ ነው ብዬ ገባሁበት። ለካ ቁጥሩ እስከ 207 ይሄዳል! 199/165 የሚል ካየሽ የህትመት ስህተት እንዳይመስልሽ፣ ውዶቹ በብዛት ያሉት እነዛ ተራፊዎቹ 42ቱ ውስጥ ነው፣ ሪቨርስ ሆሎውን (ያው ካርድ ከስዕሉ ውጪ ያለው ሲያብረቀርቅ) ስትጨምሪበት ደግሞ ማለቂያ የለውም። 165ቱን ቀስ እያልኩ በሲንግል ሞላሁና በቃኝ አልኩ።
አሁን በሰዓሊ ነው ምይዘው። ካርዱ ታች ላይ በደቃቅ ፊደል የሰዓሊው ስም አለ። ሚትሱሂሮ አሪታ ለምሳሌ ከ1996ቱ የመጀመሪያ እትም ጀምሮ ይስላል፣ የዛን ጊዜው ቻሪዛርዱ በኛ አቅም አይነካም፣ ግን ኮመን ላይ የሳላቸው ከአንድ ፓክ ዋጋ በጣም ባነሰ ይገኛሉ፣ ስዕሉ ደግሞ ያው የሱ እጅ ነው። ላይትሊ ፕሌይድ ሚባለውን፣ ትንሽ ያገለገለውን፣ ውሰጂ፣ ጠርዙ ትንሽ ነጣ ቢል ባይንደር (የካርድ አልበም) ውስጥ ከገባ ማን ያየዋል። አዲስ እትም በወጣ ሳምንት ሲንግል አትግዢ፣ ፓኩ በብዛት ሲከፈት ነው ዋጋው ሚረግበው። ከአንድ ሻጭ ሰብሰብ አርገሽ እዘዢ፣ አለዛ መላኪያው ከካርዱ ይበልጣል።

ሰባራ_ጠርዝ፦
ስለማስቀመጫው ማንም አላነሳም እኮ። እኔ ገንዘብ ልቆጥብ ብዬ ተራ የቀለበት ፎልደር ውስጥ ነበር ምከታቸው፣ ከወራት በኋላ ስከፍተው የመጀመሪያው ገፅ ካርዶች በግራ በኩል የቀለበቱ ቅርፅ ግማሽ ጨረቃ ሆኖ ታትሞባቸዋል፣ ያውም በጣም ምወዳቸውን ነበር ፊት ያረኳቸው። ቀለበት የሌለው፣ ካርዱ ከጎን ሚገባበት ባይንደር ያዢ፣ ፕላስቲኩ ፒቪሲ እንዳይሆን፣ ድርብርቡ ግን ካርቶኑ ውስጥ ቢኖር ምንም አይልም።
ሲንግል ስትገዢ ደግሞ ፎርጅድ አለ። አንዱ በግማሽ ዋጋ ሸጠልኝና ማታ የስልኬን መብራት ከጀርባው ባበራበት ልክ እንደ ስስ መጋረጃ አሳለፈው። ከፓክ ያወጣሽውን ተራ ካርድ ከጎኑ ይዘሽ አብሪባቸው፣ ትክክለኛው መሃሉ ላይ ጥቁር ንብርብር ስላለው ያን ያህል አያሳልፍም። ገንዘብ ሳትከፍዪ በፊት ነው ታዲያ፣ እንደኔ ማታ አይደለም።

ዝም_ብሎ_አንባቢ፦
ፓክ ፓክ አትበሏት እንጂ። እኔ በወር አንድ እቀዳለሁ፣ ለደስታዬ ነው፣ ምንም እንዲወጣ አልጠብቅም። ዴክ መሞከር ከፈለግሽ ደግሞ የካርዱን ስም ወረቀት ላይ ፅፈሽ በስሊቭ፣ በካርዱ የፕላስቲክ ልባስ፣ ከተራ ካርድ ፊት ክተቺው፣ ውድድር ላይ አይፈቀድም እንጂ ቤት ውስጥ ጓደኛሽ ከተስማማ በቂ ነው።

ፓክ_ቀዳጅ፦
ካርቶኑን አልጋ ላይ ገለበጥኩት። ፖኬሞን ስላልሆኑ ላስቲክ አስሬ ስር የጣልኳቸው ትሬነሮች 61 ሆነው ተገኙ፣ ለዴክ ሚሆን ትሬነር ስር ስሬ ተኝቶ ነበር ማለት ነው። ለዚህ ወር አንድ ፓክ ብቻ፣ የቀረው ለሲንግል። ኔስት ቦል 3 አለኝ፣ አራተኛዋን በድርብርብ ሚቀይረኝ አለ?